በቬትናም አዲስ ዓመት ሰው ቤት ለምትጋበዙ

«ቴት» የሚባለው የቬትናም አዲስ ዓመት በጨረቃ ዑደት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። የ2027ቱ ፌብሩዋሪ 6፣ በእኛ ጥር 29 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን ከተሜው ወደ ትውልድ ቀዬው ስለሚጎርፍና ብዙ ሱቆችም ስለሚዘጉ የጉዞ ትኬትዎን ቀደም ብለው ይግዙ።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ግን የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው። በአዲሱ ዓመት የቤቱን ደጃፍ ቀድሞ የሚረግጠው እንግዳ የዓመቱን ዕድል ይዞ እንደሚገባ ስለሚታመን፣ ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ ያንን ሰው አስቀድሞ ይመርጣል፤ ስለዚህ ሳይጠሩ በማለዳ መሄድ፣ በፍቅር ቢሆንም እንኳ፣ ባለቤቶቹን ያስጨንቃል። በተለይ በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው በዚያ ቀን ሰው ቤት ከመሄድ ይቆጠባል። በልማዱ መሠረት የመጀመሪያው ቀን ለአባት ወገን፣ ሁለተኛው ለእናት ወገን፣ ሦስተኛው ደግሞ ለመምህራን የተሰጠ ነው፤ ለመምህር አንድ ሙሉ ቀን መመደቡ እጅግ የሚያስመሰግን ሥርዓት ይመስለኛል።

ሲሄዱ ለልጆች አዲስ የብር ኖት በቀይ ፖስታ ይያዙ፤ የገንዘቡ መጠን ትንሽ ቢሆን ነውር የለውም። ቤቱን ለማገዝ ብለው መጥረጊያ አያንሡ፤ በእነዚያ ቀናት መጥረግ ዕድልን ጠርጎ እንደ ማውጣት ይቆጠራል።