ጭጋግ ለሚበዛበት ቀዝቃዛ ዳርቻ፦ የቲማቲሙን ታች ግለጡት

በባሕር ዳርቻ፣ ቅዝቃዜና ጭጋግ ባለበት ቦታ ቲማቲም የምትተክሉ፣ ቅጠሉ እየጠቆረ ካስቸገራችሁ ይቺን ሞክሩ። ተክሉ ጠንከር ሲል ከመሬት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያሉትን ቅጠሎች በሙሉ አንሱ። ሥሩ ዙሪያ ደረቅ ሳር ጎዝጉዙ። ውኃ በጠዋት፣ አፈሩ ላይ ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቅጠሉን ብዙ ጊዜ የሚያጠቁረው የሻጋታ ብናኝ ቅጠል ላይ ለሰዓታት የሚቆይ እርጥበት ካላገኘ አይበቅልም። የታችኞቹ ቅጠሎች ደግሞ መጨረሻ የሚደርቁት ናቸው፤ ዝናብ ከአፈር የሚረጨው ጭቃም መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ታቹ ሲገለጥ ነፋስ እንደ ልቡ ያልፋል።

ቅጠሉ እርጥብ እያለ ግን በፍጹም አትቁረጡ፤ ቁስሉ ለበሽታ በር ይከፍታል። ፀሐይ የሚያቃጥልበት አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ፍሬውን የሚጋርዱትን ቅጠሎች ተዉአቸው።