ቀስት እግር ሲያስር፦ በችክችካ የስቴፕማኒያ ቻርት ላይ የሚታዩ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ባለችው ጌም ቤታችን የዳንስ ምንጣፍ ከዘረጋን ወዲህ፣ ልጆች ራሳቸው ሠርተው የሚያመጧቸውን ቻርቶች የማርመው እኔ ነኝ። ስቴፕማኒያ ከዘፈን ጋር ስክሪን ላይ የሚመጡትን ቀስቶች ምንጣፍ ላይ በእግር የሚያስረግጥ የኮምፒውተር ጌም ነው፤ ቻርት ማለት የትኛው ቀስት መቼ እንደሚረገጥ የሚወስነው ድርድር ነው፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቀስትም ኖታ ይባላል። ምንጣፉ በትክክል መሰካቱን፣ አራቱም ቀስቶች መታዘዛቸውን አረጋግጣችኋል ብዬ እነሳለሁ።

ሁሉም ኖታ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከቀደመ ወይም ከዘገየ ኦፍሴቱ፣ ማለትም ቻርቱ ከዘፈኑ ጋር የሚገጥምበት መነሻ ጊዜ ተሳስቷል፤ በኤዲተሩ (ቻርት በሚሠራበት የጌሙ ክፍል) ውስጥ በኤፍ11 እና በኤፍ12 ይስተካከላል። ሲጀምር ልክ ሆኖ እየቆየ የሚንሸራተት ከሆነ የተሳሳተው ቢፒኤሙ፣ ማለትም በደቂቃ ውስጥ ያሉት ምቶች ቁጥር ነው። የድሮ የባንድ ቅጂ ሲሆን ግን ሙዚቀኞቹ እርስ በርስ እየተደማመጡ ስለተጫወቱት ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንድ ቁጥር ስለማይበቃው ፍጥነቱ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ አዲስ ቢፒኤም ማስገባት ያስፈልጋል።

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ችግር ሌላ ነው፤ ዘፈኑ ችክችካ ሲሆን እግር ይተሳሰራል። ባለፈው ክረምት አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ማታ የደከመበትን ቻርት ይዞ መጣ። ምንጣፉ ላይ ወጥቶ አዝማቹ ሲደርስ ቀኝ እግሩ ወደ ግራ ቀስት ተሻገረ፣ ጀርባው ወደ ስክሪኑ ዞረ፣ ከዚያም ምንጣፉን አጣጥፎ ወደቀ። ሲነሳ «ጋሼ፣ እጄ እኮ ያልፈዋል፤ እግሬ ነው የሚታሰረው» አለኝ። ቻርቱን የፈተነው በኪቦርድ ብቻ ነበር።

ችክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ምት ነው፤ በእያንዳንዱ ከባድ የከበሮ ምት ውስጥ ሦስት እኩል ክፍሎች አሉ። ልጁ ግን ቻርቱን እያንዳንዱን ምት በአራት በሚከፍለው የኤዲተሩ መስመር ላይ ደርድሮታል። በ120 ቢፒኤም ሦስቱ ኖታዎች መውደቅ ያለባቸው በ0፣ በ167 እና በ333 ሚሊሰከንድ ላይ ነው፤ በአራት የተከፈለው መስመር ላይ በቅርብ የሚገኙት ቦታዎች ግን 125 እና 375 ናቸው። ስለዚህ አንዱ ኖታ በ42 ሚሊሰከንድ ይቀድማል፣ ሌላው በዚያው ልክ ይዘገያል፤ ከበሮውን በደንብ የሚያዳምጠው ተጫዋች ባልሠራው ጥፋት ነጥብ ይቀነስበታል። በኤዲተሩ የግራና የቀኝ ቁልፎች የመስመሩን አከፋፈል ምቱን በሦስት ወደሚከፍለው 12ኛ መቀየር ይህን ያስተካክላል።

እግሩን ያሰረው ግን አደራደሩ ነው። እግር በተራ ሲረግጥ፣ በአንድ ምት ውስጥ አራት ኖታ ካለ ከባዱ ምት ሁልጊዜ በአንዱ እግር ላይ ይወድቃል። ሦስት ሲሆን ግን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይሆናል። ልጁ «ግራ፣ ታች፣ ቀኝ» የሚለውን ሦስት ቀስት ሳይለውጥ ደጋገመው። ግራ እግር ግራን፣ ቀኝ እግር ታችን ከረገጡ በኋላ ግራ እግር ወደ ቀኝ ቀስት መሻገር ግድ ይሆንበታል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የግራ ቀስት ደግሞ ቀኝ እግር መርገጥ አለበት። በዚህ ጊዜ ሰውዬው ሙሉ በሙሉ ዞሯል ማለት ነው።

መፍትሄው በሦስት ሳይሆን በስድስት ማሰብ ነው፤ «ግራ፣ ታች፣ ላይ» ካላችሁ ቀጥሎ «ቀኝ፣ ታች፣ ላይ» በሉ። ሁለተኛው ከባድ ምት በቀኝ እግር፣ በቀኝ ቀስት ላይ ያርፋል፤ ሰባተኛው ኖታ ወደ ግራ ይመለሳል፤ ትከሻም ከእግሩ ጋር እንደ እስክስታ ይከተላል። የዘፈኑ ሐረግ በጎዶሎ ቁጥር አልቆ ተራው ከተዛባ፣ ሁለት ቀስት በአንድ ጊዜ የሚያስረግጥ ዝላይ አስገቡ፤ ከዝላይ በኋላ ተጫዋቹ በፈለገው እግር መጀመር ይችላል። ከዝላዩ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ቀስት ግን ግራ ወይም ቀኝ ይሁን። ላይ ወይም ታች ካደረጋችሁት በየትኛው እግር እንደሚነሳ አያውቅም።

በኪቦርድ ብቻ የተፈተነ ቻርት ለሰው አትስጡ። ጣት አይሻገርም፣ አይዞርም፣ ስለዚህ ጥፋቱን ይሸፍንላችኋል። ምንጣፍ ከሌላችሁ ወለሉ ላይ በኖራ አራት ቀስት ሥላችሁ፣ ቻርቱን በግማሽ ፍጥነት እያያችሁ ርገጡት፤ ሳትዞሩ ካለቀ ደህና ነው።

አንድን ቀስት በፍጥነት ከሁለት ጊዜ በላይ በተከታታይ አታስረግጡ፤ አንዱን እግር ብቻ ያደክማል።

ቻርቱ ልክ ሆኖም ኖታ የሚያልፋችሁ ከሆነ ምንጣፉን ተመልከቱ። በየሱቁ የሚሸጠው ስስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ በሁለተኛው ዘፈን የግራ ቀስት ከእግር ሥር ሸሽቶ ይገኛል። ከስሩ የጎማ ምንጣፍ አንጥፉለት፣ አራቱን ማዕዘን በሰፊ ፕላስተር ከወለሉ ጋር አጣብቁ። ጫማ አድርጋችሁም አትውጡበት፤ የውስጡን ስስ ሽፋን ይቀደዋል፣ ከተቀደደ በኋላ የሚጠግነው አላገኘሁም።