እስክስታንና ዜማን ወደ ሸራ ስናመጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ረቂቅ ሥዕል (አብስትራክት) የሚሞክሩ ወጣቶች ሥራቸውን ሲያሳዩኝ እነዚህኑ ስህተቶች ደጋግሜ አያለሁ። አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ትልቁ ስህተት ጭፈራውን ትቶ ጨፋሪውን መሣል ነው። ለዓመታት ዱላ ትከሻው ላይ ያጋደመ፣ ቁምጣ የለበሰ ጎረምሳ ስሥል ኖርኩ። ልብሱም ዱላውም ልክ ነው፤ ልጁ ግን እንደተገተረ ቀረ። አንድ ቀን ሠርግ ቤት ዳስ ውስጥ ደብተሬን አጥፌ ትከሻ ብቻ ማየት ጀመርኩ። እስክስታ ሲወርድ ትከሻው ይመታል፣ ለአፍታ ይያዛል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ደረት ይከተላል። ማታ የመጠቅለያ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ከሰል ይዤ፣ ያንኑ በራሴ ትከሻ ደገምኩት። አጭር አጭር ምት፣ አንድ ረጅም ጭረት፣ እንደገና ምት። ሰው የለበትም፤ ግን ከሣልኳቸው ጎረምሶች ሁሉ እሱ ይንቀሳቀሳል።

በእጅ አንጓ ብቻ መሣልም ከዚሁ ይመደባል። ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ የትከሻ ምት አይወጣም። ወረቀቱን አሳድጉት፣ ቁሙ።

ሌላው ለእያንዳንዱ ድምፅ ቀለም መመደብ ነው። ሩሲያዊው የረቂቅ ሥዕል ሠዓሊ ካንዲንስኪ ቢጫን ከመለከት፣ ፈዛዛ ሰማያዊን ከዋሽንት ጋር አዛምዷል። ያ የእሱ ጆሮ ነው። ከእኛ ሙዚቃ የምንማረው ሌላ ነገር አለ፦ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በ5 ድምፅ ይሠራሉ፤ አንዱን ቅኝት ከሌላው የሚለየው በድምፆቹ መሃል ያለው ርቀት ነው። እናንተም 5 ቀለም መርጣችሁ አንድ ወር በእነሱ ብቻ ሥሩ። አንዱ ቀለም ከሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ ዓይናችሁ ይለምዳል።

ቀኑን ሙሉ ሙዚቃ ከፍቶ መሣል አይረዳም፤ ጆሮ ይሰለቻል። ስሙት፣ አጥፉት፣ ከዚያ ሣሉ።

ሸራውን ከመጀመሪያው ብሩሽ ጀምሮ መሙላትም ሥዕሉን ያደክመዋል። ቤተ ክርስቲያን ማሕሌት የቆመ ያውቀዋል፤ ዝማሜው (እየተወዛወዙ ማዜሙ) በመቋሚያ ይጀምራል፣ ከበሮው ኋላ ይመጣል፣ ወረቡ (በከበሮ የሚታጀበው ዜማ) ቀስ ብሎ ተነሥቶ ይፈጥናል። ጀማሪ ሠዓሊ ግን ከበሮውን አስቀድሞ ይመታና መሄጃ ያጣል።

በጣም የሚያሳዝነኝ «ረቂቅ ሥዕል የፈረንጅ ነው» የሚለው ነው። የእኛው ረቂቅ ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን አገር ኮሎኝ መማሩ እውነት ነው። ግን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነውን የድጓ ብራና ገልጣችሁ ከፊደሉ በላይ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶች እዩ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ። መስመርና ነጥብ ናቸው፤ ሰውም ዛፍም አይመስሉም፤ ድምፅን ግን ይመራሉ። ጎጃም ውስጥ ድጓ የሚያዜም መሪጌታ ማግኘት አይቸግርም። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ርክርኩ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ስሙ፣ ዓይናችሁን ግን ከነጥቦቹ አትንቀሉ።