የእንግሊዝኛዎቹን ግሶች «ቦሮው» እና «ሌንድ»ን እንዴት እንለያቸው?

«ቦሮው ሚ ዩር ፔን!» ማርቆስም ሂዱ ቡሬ፣ እስክሪብቶ ያለቀበት ተማሪ እንዲህ ሲል ትሰማላችሁ። ጓደኛው ገብቶት ያቀብለዋል። ፈተና ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

መጀመሪያ «መዋስ ነው መበደር?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉት። በአማርኛ እኛ የምናየው ዕቃው ራሱ ይመለሳል ወይ የሚለውን ነው። ምሳር ይዋሱታል፤ ያው ምሳር ይመለሳል። እንጀራ ግን ይበደሩታል፤ ተበልቶ በሌላ ይተካል። እንግሊዝኛ በዚህ አይጨነቅም። ምሳርም ሆነ ብር ለሱ ያው ነው። ማን ወሰደ፣ ማን ሰጠ፣ እሱን ብቻ ይጠይቃል።

ስለዚህ አንድ ጉዳይ ያዙና ከሁለቱም ወገን እዩት። የእርሻ ወቅት ነው እንበል። የአያሌው ቀንበር ተሰበረበትና የምትኩን ተዋሰ። አያሌው ወሳጅ ነው፤ ግሱ «ቦሮው»። ምትኩ ሰጪ ነው፤ ግሱ «ሌንድ»። ቀንበሩ ግን አንድ ነው።

ግራ ሲገባችሁ አማርኛውን በኃላፊ ጊዜ በሉት። «ተዋሰ»፣ «ተበደረ» ካላችሁ ቦሮው ነው። «አዋሰ»፣ «አበደረ» ካላችሁ ሌንድ ነው። በ«ተ» ከጀመረ ወሳጅ፣ በ«አ» ከጀመረ ሰጪ። ለኛ ሰው ከዚህ የቀለለ ዘዴ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ አጃቢ ቃሉን ፈትሹ። ቦሮው «ፍሮም»ን ይፈልጋል፦ አያሌው ቦሮውድ ኢት ፍሮም ምትኩ። ሌንድ «ቱ»ን ይፈልጋል፤ ወይም ሰውየውን በቀጥታ ያስከትላል። የተማሪያችን ጥፋት እዚህ ላይ ነው። «አውሰኝ» ያለው ሰጪውን ስለሆነ «ሌንድ ሚ ዩር ፔን» ማለት ነበረበት። «ካን አይ ቦሮው ዩር ፔን?» ቢልም ያስኬደዋል፤ ወሳጁ እሱ ራሱ ነውና። እንዲያውም ይሄኛው ትህትና አለው።

ኃላፊ ጊዜያቸው «ቦሮውድ» እና «ሌንት» ነው። «ሌንድድ» የሚባል የለም።

ቦታውን የማይለቅ ነገር ሲሆን ደግሞ ሁለቱንም ተዉና «ዩዝ» በሉ። «ካን አይ ቦሮው ዩር ቶይሌት?» ብትሉ ሽንት ቤቱን ነቅላችሁ ልትሄዱ ያሰባችሁ ይመስላል።

«ሌንድ ሚ ኤ ሃንድ» ያላችሁ ሰው ደግሞ እጃችሁን አልፈለገም፤ አግዙኝ ማለቱ ነው። ወንፈል ግን እንዳይመስላችሁ፤ ብድሩን የመመለስ ግዴታ የለበትም።

ባንክ የሚሰጠው ብድር በስም «ሎን» ይባላል። አሜሪካኖች በሌንድ ቦታ እንደ ግስም ይጠቀሙበታል። ፈተና ላይ ግን ለግሱ ሌንድን ብትጽፉ ከማንም አያጣላችሁም።