ፔስሜከር ይዛችሁ ለመጣችሁ፦ ባትሪው ከመቀየሩ በፊት

ደረታችሁ ውስጥ ፔስሜከር፣ ማለትም የዘገየ ልብን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ ትንሽ መሣሪያ፣ ይዛችሁ ወደ ሰው አገር ከመጣችሁ፣ የቤትና የሥራ ፍለጋው ሳያልቅም ቢሆን አንድ ነገር አስቀድሙ። መሣሪያው ሲገባላችሁ የተሰጣችሁን ካርድ ፈልጉ። የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ ከመሣሪያው ወደ ልብ የሚገቡት ሽቦዎች ዓይነትና የተገጠመበት ቀን እሱ ላይ አለ። ከጠፋ የገጠመላችሁ ሆስፒታል ደውላችሁ ቅጂ አስልኩ።

ባትሪው ባብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል። ሲደክም ደረት ላይ ከቆዳ ሥር መሣሪያው የተቀመጠበት ኪስ ተከፍቶ ባትሪው ያለበት ሳጥን ይቀየራል፤ ሽቦዎቹ ደህና ከሆኑ እዚያው ይቀራሉ። አጭር ሥራ ነው። ሥጋ ለመክፈትና ደም ለማቆም ግን ብዙ ጊዜ ኮተሪ ይጠቀማሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚያቃጥል እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ልትጠይቁበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ፔስሜከር ልብን ያዳምጣል። ልብ በራሱ ከመታ ዝም ይላል፣ ከዘገየ ይቀሰቅሰዋል። የኮተሪው ኤሌክትሪክ የልብ ምት መስሎት ዝም ሊል ይችላል። የራሱ ምት ያለው ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ ያለ መሣሪያው የማይመታ ልብ ግን ይቆማል። ጫፉ ሽቦውን ከነካ ደግሞ ልባሱ በሙቀት ሊጎዳ፣ ኤሌክትሪኩም በሽቦው አልፎ የልብን ሥጋ ሊያቃጥል ወይም ምቱን በአደገኛ ሁኔታ ሊያዛባ ይችላል። የልብ ምት በአደገኛ ሁኔታ ሲዛባ ልብን በኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚመታው ዓይነት መሣሪያ (ዲፊብሪሌተር) ያላችሁ እንደሆነ ያለ ምክንያት ሊመታችሁ ስለሚችል ይህ ተግባሩ አስቀድሞ ይጠፋል።

አንድ ጊዜ ለአንድ አባት ሳስተረጉም ነርሷ «ራስዎን ስተው ያውቃሉ?» አለቻቸው። «የለም፣ ደህና ነኝ» አሉ። ጋውን ሲለብሱ ግን ወደ እኔ ዘወር ብለው «መሣሪያውን ያስገቡልኝ እኮ ደጋግሜ እየወደቅሁ ነው» አሉኝ። ወዲያው ተናገርኩ። የማሽኑን ፍጥነት ቀስ በቀስ ዝቅ ሲያደርጉት የራሳቸው ምት አልመጣም፤ አዞራቸው፤ ቶሎ መለሱት። ዝግጅቱም ተቀየረ። ያን ቀን የፈራሁትን አልረሳውም። ስለዚህ እባካችሁ «ደህና ነኝ» ብላችሁ አትለፉ፤ መሣሪያው ለምን እንደገባላችሁ ተናገሩ።

ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ «ልቤ ያለ መሣሪያው ይመታል ወይ? ካልመታ ምን አዘጋጅታችኋል?» ጥሩ ቡድን ማሽኑን ሌላ ምልክት ሳይሰማ በቋሚ ፍጥነት እንዲመታ ያደርገዋል፣ ከውጭ ልብን የሚቀሰቅስ መሣሪያ በአጠገቡ ያኖራል፣ ኮተሪውን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እየነካ ያነሳል። ኤሌክትሪኩን የሚመልሰውን ተለጣፊ ሰሌዳም የኤሌክትሪኩ መንገድ ከመሣሪያውና ከልብ እንዲርቅ አድርጎ ይለጥፈዋል። ኮተሪው ሲሠራ የልብ ምት ስክሪኑ ስለሚረበሽ ምታችሁን ከጣታችሁ የሚያነበው መቆንጠጫ እንዳይወልቅ ተጠንቀቁ። ቆዳችሁን በአልኮል ካጠቡትና ኦክስጅን ከተሰጣችሁ እሳት ሊነሳ ስለሚችል፣ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ አለባቸው።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዳችሁ ንገሯቸው፤ በራሳችሁ ግን አታቁሙ። አስተርጓሚ የምትጠይቁት ቀጠሮ ሲያዝ ነው፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙት። ሲያልቅ አዲሱን ካርድ፣ ጊዜያዊም ቢሆን፣ ሳትቀበሉ አትውጡ።