በጅማ ሆኖ የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታን መጀመር፦ ከቀለም ቅብ እስከ ዘመቻ

በትንንሽ የወታደር ሞዴሎች የሚካሄደው የጦርነት ጨዋታ ሦስት ሥራዎችን አጣምሮ የያዘ ነው፤ ወታደሮቹን መቀባት፣ በጠረጴዛ ላይ መልክዓ ምድር መሥራት፣ ከዚያም በሜትርና በዳይስ እየለኩና እየጣሉ በሕግ መዋጋት። ብዙ ጀማሪዎች በመጀመሪያው ሥራ ላይ የሚቀሩት ሙሉ ሠራዊት ካልያዝን አንጫወትም ስለሚሉ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወገን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ወታደር ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ፤ እነዚያን ቀብታችሁ ጨርሱና ተጫወቱባቸው፤ ሠራዊቱን ከዚያ በኋላ ዘመቻው ራሱ ያሳድገዋል።

በብዛት የሚሠራባቸው መጠኖች 28 ሚሊ ሜትር የሚባለውና (የወታደሩ ቁመት በግምት) 1/72 የሚባለው (ከእውነተኛው ሰው 72 ጊዜ ያነሰ) ናቸው። በ1/72 የተሠራ ሰው ቁመቱ 25 ሚሊ ሜትር ስለማይሞላ ሁለቱን በአንድ ጦር ውስጥ ባትቀላቅሉ ይሻላል። ሞዴሎቹ በጅማ ሱቆች እንደ ልብ የሚገኙ ዕቃዎች ስላልሆኑ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ እስኪደርስ መጠበቅ የግድ አይደለም። የወታደር ሥዕል በወፍራም ወረቀት ላይ በፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሞ፣ ፊትና ጀርባውን አጥፎ በኮላ ማጣበቅና በትንሽ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ ማቆም ይቻላል፤ ጨዋታው በወረቀት ወታደርም ያው ጨዋታ ነው።

የላስቲክ ሞዴል ያገኘ ሰው በመጀመሪያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ያድርቀው፤ ከፋብሪካ የቀረ ቅባት ካለበት ቀለሙ ይላጣል። የተረፈውን የመጋጠሚያ መስመር በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉና ስስ የመሠረት ቀለም ቀቡ። በዚህ ላይ የጅማ አየር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበት የሚረጭ ቫርኒሽ ስትጠቀሙ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ሽፋን ሊያስከትልና የደከማችሁበትን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ በክረምት የመሠረቱንም ሆነ የመጨረሻውን ቅብ በብሩሽ ሥሩ፤ የሚረጨውን ከኅዳር እስከ ጥር ላሉት ደረቅ ቀናት አቆዩት።

የአገራችንን ተዋጊ ለሚቀባ ሰው ትልቁ ፈተና ነጭ ሸማ ነው። በቀጥታ በነጭ ቀለም የተቀባ ሸማ ኖራ የተለቀለቀ ይመስላል፤ እጥፋቱም ሁሉ ይጠፋል። ሸማውን መጀመሪያ ወደ ግራጫ በሚያደላ የነጣ ቡናማ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። ሲደርቅ እንደ ሻይ የቀጠነ ቡናማ ቀለም በእጥፋቶቹ መካከል ብቻ እንዲወርድ አድርጉ፤ ሜዳው ላይ የተጠራቀመውን ደግሞ በንጹሕ እርጥብ ብሩሽ ቶሎ አንሡት። ከዚያም የመጀመሪያውን ቀለም በጥቂት ነጭ አንጥታችሁ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ደግማችሁ ቀቡ። ንጹሑ ነጭ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ ትከሻው ላይና የእጥፋቱ ጫፍ ላይ፣ ያውም ፀጉር በቀጠነ መስመር። ጥበቡን በአንድ ቀይ መስመር ካሳያችሁ ይበቃል፤ በዚህ መጠን ዝርዝሩን ለመሥራት መድከም ዓይንን ከማድከም በቀር አይጠቅምም። ሁሉንም ወታደሮች ደረጃ በደረጃ አንድ ላይ ብትቀቡ፣ አንዱ እስኪደርቅ ሌላው ስለሚደርስ ሥራው ይቀላል።

መልክዓ ምድሩን በተመለከተ ጅማ ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። ከእንጨት ሠሪዎች የሚገኘው ሰጋቱራ በአረንጓዴ ቀለም ከተነከረ ሣር ይሆናል፤ ከየቤቱ የሚገኘው የቡና አተላ ደግሞ ግሩም አፈር ነው። አተላውን በምጣድ ላይ በለሰለሰ እሳት እያመሳችሁ በጣት ሲነካ እስኪበተን ድረስ አድርቁት፤ ጥቂት እንኳ እርጥበት ከቀረው በሳምንታት ውስጥ ይሻግታል። ሜዳው በሚሠራበት ሰሌዳ ላይ ነጭ የእንጨት ኮላ ቀብታችሁ በትኑበት፤ ሲይዝም በውሃ የቀጠነ ኮላ ከላይ አልብሱት። ኮረብታ ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ በሚወጣው ነጭ ፎም ይሠራል። አኳራጅ ወይም የሚረጭ ቀለም ፎሙን ሊያቀልጠው ስለሚችል፣ ቀለም ከመንካቱ በፊት በኮላ የተነከረ ወረቀት ወይም ስቱኮ ይልበስ። ለጥቂት ወታደሮች 90 በ90 ሴንቲ ሜትር ሜዳ ይበቃል። ሜዳውን ባዶ አትተዉት፤ መከለያ የሌለበት ጦርነት ዳይስ ከመወርወር የተለየ ነገር አይኖረውም።

ለመጀመሪያ ምሽት የሚከተለው አጭር ሕግ ይበቃል። ተጫዋቾች በየተራ አንድ አንድ ወታደር ያንቀሳቅሳሉ፤ እያንዳንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፣ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይተኩሳል፤ 4 እና ከዚያ በላይ የወጣለት ይመታል፤ ከመከለያ ጀርባ ያለ ወታደር ደግሞ 5 ወይም 6 ካወጣ ይድናል። የዳይሱን ሒሳብ መረዳት ውሳኔን ያሻሽላል። አሥራ ሁለት ጥይት ቢተኮስ በአማካይ ስድስቱ ያገኛሉ፤ መከለያው ሁለቱን ያድናል፤ አራት ይወድቃሉ። መከለያ ባይኖር ግን ስድስቱም በወደቁ ነበር። ስለዚህ ወደ ግንብ ወይም ወደ ጢሻ ለመድረስ አንድ ዙር ሳይተኩሱ መሮጥ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

እኔ የዚህ ጨዋታ እምብርት የምለው ዘመቻን ነው፤ ማለትም የአንዱ ጨዋታ ውጤት ለቀጣዩ መነሻ የሚሆንበትን ተከታታይ ግጥሚያ። ለእያንዳንዱ ወታደር ስም አውጡና በደብተር መዝግቡት። ከጨዋታው በኋላ ለወደቀው ሁሉ ዳይስ ጣሉ፤ 1 ከወጣ ሞቷል፣ 2 ከወጣ ቀጣዩ ጨዋታ ያመልጠዋል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይመለሳል። ተሸናፊው ሁለት አዲስ ምልምል ይሰጠው፤ አለዚያ አንዴ የቀደመ ወገን እየበረታ ሄዶ ዘመቻው ሳያልቅ ጣዕሙን ያጣል።

ከ1888ቱ ዘመቻ የተሻለ መነሻ አላውቅም። የመጀመሪያው ጨዋታ ኅዳር 28 የተደረገው የአምባላጌ ውጊያ ነው፤ የጣሊያኑ አዛዥ ሜጀር ቶዜሊ የጠበቀው የእርዳታ ጦር ስላልደረሰለት፣ የጣሊያን ተጫዋች በየዙሩ ዳይስ ይጣል፤ እርዳታ የሚገባለትም 6 ሲወጣ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው የመቀሌ ምሽግ ከበባ ነው። በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃ ምንጮቹ ስለተያዙ እዚህ ላይ የሚቆጠረው ሬሳ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ምሽጉ ውስጥ ያለው ተጫዋች በአሥር የውሃ ነጥብ ይጀምርና በየዙሩ አንድ ይቀነስበት፤ ምንጩን ለማስመለስ ሰብሮ ካልወጣ ነጥቡ ሲያልቅ ምሽጉን ይለቃል። እስከ አድዋ የዘለቀው የፊታውራሪ ገበየሁ ሞዴል በሁለቱም ላይ ይሰለፍ።

ሦስተኛው የየካቲት 23 አድዋ ነው፤ ለዚህም ሦስተኛ ሰው በዳኝነት ያስፈልጋችኋል። እ.ኤ.አ. በ1824 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሺያ መኮንን ለአገሩ ጦር ባቀረበው ጨዋታ፣ ዳኛው ለእያንዳንዱ ወገን የሚያሳየው አዛዡ በዓይኑ ሊያየው የሚችለውን ብቻ ነበር። አድዋ ለዚህ የተመቸ ነው፤ የጣሊያን ጦር አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪ ብርጌዶች በሌሊት ሲጓዙ በእጃቸው ያለው ንድፍ ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ በስህተት ስላሳየ፣ ከብርጌድ አዛዦቹ አንዱ የሆነው አልበርቶኔ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብዙ ርቆ ሄደ። ስለዚህ ዳኛው ለአልበርቶኔ ተጫዋች የተሳሳተ ካርታ፣ ለሌላው የብርጌድ አዛዥ ለአሪሞንዲ ተጫዋች ትክክለኛውን ይስጥ፤ ሁለቱ ሞዴሎቻቸው እስኪተያዩ ድረስ እንዳይነጋገሩም ይከልክል። የኢትዮጵያ ወገን ሞዴሎች ጣሊያኖቹ 60 ሴንቲ ሜትር ሲቀርቧቸው ብቻ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። አልበርቶኔ ተጠራጥሮ ለመመለስ ከወሰነ ዳኛው ይፍቀድለት፤ መመለሻው ግን በመጣበት መንገድ እየለካ ይሁን።