መልሱ የቱ መስመር ላይ ነው? የእንግሊዝኛ ምንባብ ልምምድ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ልጆች

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ የ8ኛ ክፍል ልጅ የእንግሊዝኛ ምንባብ ሲደርሰው የሚያደርገው አንድ ነው። ከላይ ጀምሮ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይገለብጣል፣ ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ የማያውቀው ቃል ይይዘዋል፣ ሰዓቱ ሲያልቅበት ደግሞ ደስ ያለውን ፊደል ያጠቁራል። ወላጅ ይህን ሲያይ መዝገበ ቃላት ይገዛለታል። የቃል እጥረቱ እውነት ነው፤ ዋናው ችግር ግን ልጁ መልሱን ከራሱ ውስጥ እንጂ ከወረቀቱ ላይ አለመፈለጉ ነው።

ከዚህ በታች ካለው አሠራር አብዛኛው የቻይና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ (ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል) ተማሪዎች የሚለማመዱበት ነው። እዚያ ልጆች 9ኛ ክፍልን ሲጨርሱ ዦንግካኦ የሚባለውን ፈተና ይወስዳሉ፤ በእንግሊዝኛው ውስጥ ምንባብ ከባድ ድርሻ አለው። ሥርዓተ ትምህርቱ እስከ 9ኛ ክፍል የሚጠይቀው የቃል ብዛት 1,600 ገደማ ነው። ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ የሚጠበቀው ንባብ ግን ተደምሮ ከ150,000 ቃል በላይ ነው። ለሦስት ዓመት ቢካፈል በቀን 140 ቃል አይሞላም፤ ግማሽ ገጽ መሆኑ ነው። ቃሉ ጥቂት፣ ንባቡ የየቀን።

ስለዚህ መጀመሪያ ምንባቡን መምረጥ ነው። ከ150 እስከ 200 ቃል ያለው፣ አምስት ጥያቄ የተከተለው ይበቃል። ልጁ መጀመሪያዎቹን 100 ቃላት ያንብብና የማያውቀውን በጣቱ ይቁጠር። አምስቱ ጣት ከሞላ በኋላም ሌላ ካገኘ ምንባቡ ለልምምድ ከብዷል፤ አስቀምጡትና የ6ኛ ክፍሉን አምጡለት። እዚህ ላይ ወላጅ ክብር የተነካ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ከአቅሙ በላይ በሆነ ጽሑፍ የሚለማመደው መገመትን ብቻ ነው።

ሰዓት ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለአንድ ምንባብ 12 ደቂቃ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 8። ልጁ ጥያቄዎቹን ቀድሞ ያንብብ፣ ምርጫዎቹን ግን አያንብብ። አራቱን ምርጫ ቀድሞ ያነበበ ልጅ ሦስት የተሳሳተ ሐሳብ ይዞ ወደ ጽሑፉ ይገባል። ከዚያ ምንባቡን አንድ ጊዜ ሳያቆም እስከ መጨረሻው ይውረድ፤ የማያውቀው ቃል ሲመጣ ከሥሩ ነጥብ አድርጎ ይለፍ። መዝገበ ቃላቱ የሚከፈተው እርማቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ግዴታ አድርጉት። ልጁ መልስ ከመምረጡ በፊት መልሱ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ያሰምርና የጥያቄውን ቁጥር ከጎኑ ይጻፍ። መጽሐፉ የትምህርት ቤት ከሆነ የመስመሩን ቁጥር ደብተሩ ላይ ያስፍር። ስታርሙም መጀመሪያ የምትጠይቁት «መልሱ የቱ ነው?» ብላችሁ ሳይሆን «የቱ መስመር ላይ ነው?» ብላችሁ ነው። መስመሩን ማሳየት ካልቻለ ትክክል ቢመልስም ዜሮ ስጡት። መጀመሪያ ያኮርፋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ጓደኛውን እንዲሁ ሲጠይቅ ትሰሙታላችሁ።

የኛ ልጆች በተለይ የሚሰናከሉበት ቦታ አለ፤ ምንጩ አማርኛችን ነው። «ከሐይቅ የመጣው ልጅ ደሴ ውስጥ ዓሣ ይሸጣል» ስንል «ከሐይቅ የመጣው» ከ«ልጅ» ይቀድማል፣ ግሡም መጨረሻ ላይ ቁጭ ይላል። እንግሊዝኛው «ዘ ቦይ ሁ ኬም ፍሮም ሐይቅ ሴልስ ፊሽ ኢን ደሴ» ነው። ልጁ «ኬም»ን ሲያገኝ ዋናውን ግሥ ያገኘ ይመስለዋል፤ «ልጁ ከሐይቅ መጣ» ብሎ ይዘጋውና «ሴልስ» ትርፍ ሆኖ ይቀርበታል። መፍትሔው እርሳስ ነው፦ «ሁ»፣ «ዊች» ወይም «ዛት» ከስም ቀጥሎ ሲመጣ ከእሱ ጀምሮ እስከ ዋናው ግሥ ያለውን በቅንፍ ያስገባ፤ ከዚያ ከቅንፉ ውጭ ያለውን ብቻ ያንብብ፦ «ዘ ቦይ ሴልስ ፊሽ»። በቀን አምስት እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ቅንፍ ቢያስገባ በአሥር ቀን እጁ ይለምዳል።

ሁለተኛው «ኢት» እና «ዜይ» ናቸው። አማርኛ «መጣች»፣ «መጡ» እያለ ባለቤቱን በግሡ ውስጥ ስለሚነግረን ልጆቻችን ተውላጠ ስምን እንደ ትንሽ ነገር ዘለው ያልፋሉ። ከእያንዳንዱ «ኢት» እና «ዜይ» ወደሚተካው ስም ቀስት ያስምሩ።

ሦስተኛው «ሜይ»፣ «ካን»፣ «መስት» እና «ሹድ» ናቸው። ክብደታቸውን ለማስረዳት ለወሎ ልጅ ከውጫሌ የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ነበር። የዚያ ልዩነት መዘዝ እስከ ዓድዋ እንደዘለቀ ልጁ በታሪክ ክፍል ተምሯል። «ይቻላል»ን «ግድ ነው» ብሎ ማንበብ ምን እንደሚያመጣ ሲያውቅ «ሜይ»ን ዘሎ አያልፍም።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ። የተሳሳቱት ሦስቱ ዝም ብለው አይጻፉም፤ እያንዳንዱ የሚይዘው ሰው ታስቦለት ነው። ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ አጭር ምንባብ አለ እንበል፣ ውስጡም «አንዳንድ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን ለመሸጥ ያመጣሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር። ጥያቄው በምንባቡ መሠረት እውነት የሆነውን ይጠይቃል። ሀ፣ ነጋዴዎቹ ሁሉ ግመል ይሸጣሉ። ለ፣ ባቲ የተለያየ ቋንቋ የሚናገር ሕዝብ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ሐ፣ ገበያው በየቀኑ ይቆማል። መ፣ በባቲ ገበያ ግመል መግዛት ይቻላል። ጎበዙ ልጅ የሚሳሳተው «ለ» ላይ ነው። እውነት ነዋ! ባቲን ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምንባቡ ግን አላለም። «ሀ» «አንዳንድ»ን «ሁሉ» አድርጎታል። ትክክለኛው «መ» የምንባቡን ቃል ሳይደግም ሐሳቡን ይዟል፤ ትክክለኛ መልስ ብዙ ጊዜ መልኩን ቀይሮ ነው የሚመጣው። ከምንባቡ ሦስት አራት ቃል እንዳለ የቀዳ ምርጫ ሲታይ ደግሞ ይጠርጠር።

ርዕስ ምረጡ የሚለውን ጥያቄ መጨረሻ ይሥሩት። የእያንዳንዱን አንቀጽ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ደግመው ካነበቡ ይበቃል። አንዱን አንቀጽ ብቻ የሚሸፍን ርዕስ ጠቧል፤ ምንባቡ ያልነካውን የሚጨምር ደግሞ ሰፍቷል።

ክፍት ቦታ ሙሉ የሚለውን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አሥር ክፍት ቦታ ያለውን ስጧቸው። መጀመሪያ ክፍቱን እየዘለሉ እስከ መጨረሻው ያንብቡ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ምንም ስለማይጎድልበት ነገሩን ከዚያ ይያዙ። «በት»፣ «ሶ»፣ «ሀውኤቨር» እና «ቢኮዝ»ን ክብ ያድርጉባቸው። ለአንዱ ክፍት ቦታ ቁልፉ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ቁጥር አንድ ላይ ሙጭጭ ማለት አያስፈልግም።

ለቻይና ልጆች የተዘጋጀ ምንባብ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለት ነገር ቀድማችሁ ንገሯቸው። እዚያ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ መጀመሪያ «ዋንግ ፋንግ» የተባለችው በኋላ «ሚስ ዋንግ» ስትባል ልጆቻችን ሁለት ሰው አድርገው ይቆጥሯታል። ሌላው ሰዓት ነው። «ሰቨን ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ልጁ ቁጥሩን ብቻ አይቶ 7 ሰዓት ካለ ከእኩለ ቀን በኋላ ያደርገውና የድርጊት ቅደም ተከተል ጥያቄው በሙሉ ይበላሻል። ከሰዓቱ ጎን ስድስት ቀንሰው ወይም ደምረው ይጻፉ።

የስህተት ደብተር ለብቻው ይኑር። አራት ዓምድ፦ ቀን፣ የጥያቄው ዓይነት፣ የመረጥሁት፣ የሳትሁበት ምክንያት። ለምክንያቱ አራት ፊደል ይበቃል፦ «ቃ» ቃሉን አላወቅሁም፣ «ሰ» ዓረፍተ ነገሩ አልገባኝም፣ «ራ» ከራሴ ጨመርሁ፣ «ቸ» ቸኮልሁ። ሃያ ስህተት ሲሞላ ቁጠሩ። «ራ» ከበዛ መስመር የማሳየቱን ሕግ አጥብቁ፤ ቃል ማስጠናት አይረዳውም። «ሰ» ከበዛ ወደ ቅንፉ ተመለሱ። የሳተውን ምንባብ ከሰባት ቀን በኋላ መልሱን ሸፍናችሁ ድጋሚ አሠሩት።

ምንባቡ አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ ልጆቹ ብዙ ከሆኑ፣ ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ምንባቡን ከዋዜማው ደብተራቸው ላይ አስገልብጡ፣ መስመሮቹንም ቁጥር ስጧቸው። መገልበጡ ራሱ አንድ ንባብ ስለሚሆን ከሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ቀንሱ። ልጁ በተከታታይ ሦስት ምንባብ አምስት ከአምስት በ8 ደቂቃ ከሠራ ወደ 250 ቃል አሳድጉት፤ ሁለቴ በተከታታይ ከሦስት በታች ካመጣ ግን ያው ደረጃ ላይ አታስደጋግሙት፣ ለአንድ ሳምንት ወደ ቀለለው መልሱት።